ብርቅዬው ስቴሽን ዋገንና እውነተኛ ዋጋው



እንደሚታወቀው ስቴሽን ዋገን ስሙን ያገኘው፣ በአሜሪካ አገር ከባቡር ጣቢያ መንገደኛን ከነጓዙ ያመላልስ ከነበረው ተሽከርካሪ ነው። አካሉ በመጀመሪያ ከእንጨት ይሠራ ነበር፤ በ1946 እ.ኤ.አ. የዊሊስ ኩባንያ መላ አካሉ ብረት የሆነውን ለገበያ አቀረበ። የ1963ቱ ስቱድቤከር ዋገኔር ደግሞ የኋላ ጣሪያው ወደ ፊት ተንሸራቶ ስለሚከፈት፣ ረጅም ማቀዝቀዣ እንኳ እንደ ቆመ ይጫንበት ነበር። ሆኖም ጣሪያው ዝናብ ማስገባቱ ስሙን አጎደፈው፤ ኩባንያውም በ1966 መኪና መሥራት አቆመ።

የእንዲህ ያለው መኪና ውበት አያከራክርም፤ ዋጋው ግን የሚፈተነው በመንገድ ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አልፎ ወደ ደጋን የሚወርድ ከባድ ዋገን በማርሽ ካልተያዘ የፍሬኑ ሸራ ግሎ ይከዳል። ሽቅብ ሲመለስም አየሩ ስለሚሳሳ፣ ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይበዛበታል።

የሐረር ፔዦ 404 ታክሲዎች ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ያገለገሉት ብርቅ ስለ ነበሩ ሳይሆን፣ ብዙ በመሆናቸውና ጠባያቸውን የሚያውቅ መካኒክ በመኖሩ ነው። ብርቅዬው ዋገን ይህ ዕድል የለውም፤ አንዲት ቦኮላ ብትጠፋ ሊቆም ይችላል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ምትኩን ከውጭ ማምጣት የማይታሰብ ሆኗል።

ስለዚህ ባለሙያው እንዲህ ያለውን መኪና ለቁርጥራጭ ብረት ከመስጠቱ በፊት ክፍሎቹን ለክቶ በንድፍ ሊያስቀምጥ ይገባል። ልኩ የታወቀ ዕቃ በቶርኖ ይወጣል፤ ልኩ የጠፋ ግን ከመኪናው ጋር ይቀበራል።