ላግ ያለ መጭመቂያ

አቅራቢ 1፦ ከጂቡቲ የመጣ ተሳቢ ሰመራ ላይ ቆመ እንበል። ከባትሪው ገመድ ጫፍ ባለ ቀዳዳዋ መዳብ፣ ላጓ፣ ወልቃለች። መጭመቂያ የለም።

አቅራቢ 2፦ ያው በመዶሻ ይጠፈጥፏታላ!

አቅራቢ 1፦ ምን አለበት? አዋሽ ያደርሰዋል።

አቅራቢ 2፦ ያደርሰው ይሆናል። ግን መዶሻ የገመዱን ክሮች እኩል አያጠብቅም። ከባድ መኪና ሲነሳ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ የላላው ቦታ ይግላል።

አቅራቢ 1፦ የአፋር ፀሐይ ተጨምሮበት!

አቅራቢ 2፦ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን አስበው እንግዲህ።

አቅራቢ 1፦ በሊድ ብትበየድስ?

አቅራቢ 2፦ ከመዶሻው ትሻላለች። ግን ቆርቆሮና እርሳስ የተቀላቀለበት ሊድ 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል። መጋጠሚያው በጣም ከጋለ ይለቃል።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ መፍትሔው?

አቅራቢ 2፦ በቡሎን የሚጠብቅ ላግ አለ፤ ቁልፍ ብቻ ይበቃዋል።

አቅራቢ 1፦ የገመዱ ውፍረትስ?

አቅራቢ 2፦ ላጉ በልኩ ይሁን። ሰፋ ብሎ ክር ቢጠቀጠቅበት፣ ጠበበ ብሎ ክር ቢቆረጥለት አይሆንም። ክሩን ማጽዳት፣ ማጥበቅ፣ ከዚያ ጎተት አድርጎ መፈተሽ።

አቅራቢ 1፦ በዚህስ ተስማማን። አድማጮቻችን፣ ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። በመዶሻ ያሠራችሁት ካለ ደግሞ ከተማ ስትገቡ በመጭመቂያ አሠሩት።