ወደ ቻይና ከመጓዝ በፊት፦ ስለ መጻሕፍት አመራረጥ



ለዛሬው ንግግር የመረጥኩት ርእስ ከአንድ ተደጋጋሚ ጥያቄ የተወለደ ነው። የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ቤጂንግ ወይም ወደ ሺአን የሚሄዱ ተማሪዎች፣ ለጉባኤ የሚጋበዙ መምህራንም፣ ቪዛቸው እንደ ተሰጣቸው ወደ ቢሮዬ ብቅ ይሉና «ስለ ቻይና ታሪክና ባህል አንድ መጽሐፍ ብቻ ላንብብ ብል የትኛው ይሁን?» ይሉኛል። የሚጠብቁት መልስ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው፤ ብዙ ሺህ ዓመታትን በአምስት መቶ ገጽ የሚያስጉዝ ጠቅላላ ታሪክ እንድነግራቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ከዚያ እንዳትጀምሩ ልመክራችሁ መጥቻለሁ። ጠባብ መጽሐፍ ምረጡ፤ በዓይናችሁ የምታዩትን አንድ ቦታ የሚነካ መጽሐፍ ምረጡ። መጽሐፉ በማን ዘመንና በማን ጥላ ሥር እንደ ተጻፈም ሳታውቁ አትነሡ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጠቅላላ ታሪኮች ላይ ጥላቻ የለኝም። ጆናታን ስፔንስ በ1990 ያሳተመው «ዘመናዊቷን ቻይና ፍለጋ» ለምሳሌ በማንኛውም መደርደሪያ ላይ ቢኖር የሚያኮራ ሥራ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከጥንት የሚነሣው ጠቅላላ ታሪክ ከተሠራበት ቁሳቁስ ነው። በቻይና የቆየ ልማድ መሠረት የአንድን ሥርወ መንግሥት ታሪክ የሚያጠናቅረው እርሱን ጥሎ ወይም ተክቶ የነገሠው ነው። ሚንግ በ1644 ወደቀ፤ ይፋዊው የሚንግ ታሪክ ግን የተጠናቀቀው በ1739፣ በቺንግ ነገሥታት ትእዛዝ ነው። ሃያ አራቱ ታሪኮች ተብሎ የሚጠራው ስብስብ በአብዛኛው እንዲህ ተገንብቷል። ስለዚህ መሥራቹ ብርቱና ጻድቅ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ደግሞ ቅምጥልና ሰነፍ ሆኖ መገኘቱ ሊያስደንቀን አይገባም። የኛን ነገሥታት ዜና መዋዕል የምታጠኑ ተማሪዎች ይህ ጠባይ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንባችሁም፤ ልዩነቱ የኛው ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት ያለውን ንጉሥ ሲያወድስ፣ የቻይናው የታሪክ ቢሮ የሞተውን ሥርወ መንግሥት መመርመሩ ነው። በአንድ ቅጽ የተጨመቀ ታሪክ ይህን ቅርጽ ሳይናገር ይወርሳል፤ አንባቢውም የአሸናፊዎቹን ሚዛን ተሸክሞ ይጓዛል።

የሃያ አራቱ መጀመሪያ የሆነው መጽሐፍ ግን የቢሮ ሥራ አይደለም። ሲማ ቺየን በሃን ዘመን አባቱ የጀመረውን ሥራ ተቀብሎ በ130 ምዕራፎች የጻፈው «የታሪክ ጸሐፊው መዝገብ» ነው። በ99 ዓመተ ዓለም ሊ ሊንግ የተባለ የጦር አዛዥ ተሸንፎ ለጠላት እጁን ሲሰጥ፣ ሲማ ቺየን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተሟገተለት፤ በዚህም ሞት ተፈረደበት። በመጨረሻ ሞትን ትቶ መሰለብን ተቀበለ፤ በዚያ ዘመን አንድ የተማረ ሰው ራሱን ገድሎ ከዚህ ውርደት እንዲያመልጥ ይጠበቅበት ነበር። ለምን በሕይወት መቆየትን እንደ መረጠ ለወዳጁ ለረን አን በጻፈው ደብዳቤ አስረድቷል፤ መጽሐፉ አላለቀም ነበር። በርተን ዋትሰን ወደ እንግሊዝኛ ከመለሳቸው ቅጾች ስለ ቺን መንግሥት የሚናገረውን ብቻ ብታነብቡ ለሺአን ጉዞ ይበቃችኋል።

ለምን ይበቃችኋል? ሺአን የሚሄድ ሰው ሁሉ የሸክላ ወታደሮቹን ያያል። ሲማ ቺየን በ210 ዓመተ ዓለም ስለ ሞተው ስለ መጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት መቃብር ሲጽፍ፣ ሰባት መቶ ሺህ ሠራተኞች እንደ ተሰማሩበት፣ በሜርኩሪ የተሞሉ ወንዞችና ባሕሮች እንደ ተሠሩለት፣ የሚቀርበውን የሚወጉ ቀስቶች እንደ ተጠመዱበት ይነግረናል። በጉብታው ላይ በዘመናችን የተደረገ የአፈር ምርመራ ከተለመደው በላይ ሜርኩሪ አግኝቷል፤ ስለዚህ ጸሐፊው ተረት ብቻ እየነገረን አይደለም ለማለት ያስደፍራል። ነገር ግን ስለ ሸክላ ሠራዊቱ አንዲት ቃል አልጻፈም። ገበሬዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ በ1974 ያገኙት፣ ዛሬ በመላው ዓለም የታወቀው ያ ሠራዊት በትልቁ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የለም። መጽሐፉን አንብባችሁ በጉድጓዱ ዳር ብትቆሙ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታያላችሁ፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በምድር ሥር የቆየውን ነገር፣ እጅግ ትጉ ከሆነው ጸሐፊ እጅ እንኳ ያመለጠውንም ነገር። አስጎብኚው ስለዚህ ዝምታ ላይነግራችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ቤጂንግ እንሂድ። ለቤጂንግ የምመርጠው መጽሐፍ ሬይ ኋንግ በ1981 በእንግሊዝኛ ያሳተመው «1587፣ ፋይዳ ቢስ ዓመት» ነው። ርእሱ ራሱ አንባቢን የሚያባርር ይመስላል። በዚያ ዓመት ታላቅ ጦርነት አልተደረገም፤ ሥርወ መንግሥትም አልወደቀም። ደራሲው ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚንግ መንግሥት እንዴት ከውስጥ እንደ ደነዘዘ ያሳያል። ንጉሠ ነገሥት ዋንሊ ከሚወዳት ቁባቱ የተወለደውን ልጁን አልጋ ወራሽ ሊያደርግ ይፈልጋል፤ ሹማምንቱ በሥርዓትና በሥነ ምግባር ስም ይከለክሉታል፤ እርሱም በአደባባይ መታየቱን ተወ፤ ፊርማውንና ሹመቱን እየያዘ መንግሥቱን አቆመው ማለት ይቻላል። በመጽሐፉ ውስጥ ጨካኝ አምባገነን አታገኙም፤ የምታገኙት በደንብና በመልካም ቃል የታሰሩ ሰዎችን ነው። ለመንግሥት አስተዳደር ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

የዋንሊ መቃብር ከቤጂንግ ወደ ሰሜን፣ የሚንግ ነገሥታት በተቀበሩበት ሸለቆ ይገኛል፤ ዲንግሊንግ ይባላል። ከ1956 እስከ 1958 ተቆፍሮ ተከፈተ። ቁፋሮው እንዲፈቀድ ከገፋፉት ሰዎች አንዱ የሚንግ ታሪክ ሊቅና የቤጂንግ ምክትል ከንቲባ የነበረው ዉ ኻን ነው። ይኸው ሊቅ በ1587 ስለ ሞተው ሃይ ሩዪ ስለተባለ ደፋርና ጉቦ የማይቀበል ሹም ተውኔት ጽፎ ነበር። ሬይ ኋንግም ለሃይ ሩዪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። በ1965 መጨረሻ ተውኔቱ በማኦ ላይ የተሰነዘረ የተሸፈነ ትችት ነው ተብሎ በጋዜጣ ተወገዘ፤ ያ ውግዘት የባህል አብዮት የተባለው ነውጥ መንደርደሪያ ሆነ። በ1966 ቀይ ዘቦች ወደ ዲንግሊንግ ገብተው የዋንሊንና የሁለት እቴጌዎቹን አጽም አውጥተው አቃጠሉ። ዉ ኻን በ1969 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

ዛሬ ወደ ምድር ሥር ቤተ መንግሥቱ ስትወርዱ ቀይ ቀለም የተቀቡ ትልልቅ ሣጥኖች ታያላችሁ፤ እነርሱም ለእይታ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። ያላነበበ ጎብኚ ብርድ የሚሰማበት የድንጋይ አዳራሽ አይቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይወጣል። ያነበበው ግን በዚያ ባዶነት ውስጥ የአሥራ ስድስተኛውን ክፍለ ዘመን ንጉሥና የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ አብረው ያገኛቸዋል። በቻይና ስለ ሩቅ ዘመን መጻፍ ስለ ዛሬ መናገር ሊሆን እንደሚችል፣ ዋጋውም ሕይወት ሊሆን እንደሚችል ይህ አንድ መቃብር ያስተምራል። ይህን በጠቅላላ ታሪክ ውስጥ ብትፈልጉት በሁለት የተለያዩ ምዕራፎች፣ ምናልባትም በሦስት መቶ ገጽ ርቀት ተበትኖ ነው የምታገኙት።

እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ የነገሥታትና የሹማምንት ነው፤ ይህም የቻይና መጻሕፍት ትልቁ ድክመት ነው። ስለ ተራው ሰው ሁለት መጻሕፍት እመክራለሁ። የመጀመሪያው ከላይ የጠቀስኩት ስፔንስ በ1978 ያሳተማት ትንሿ «የወይዘሮ ዋንግ ሞት» ናት። በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ታንቸንግ በተባለ ድሃ ወረዳ፣ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን፣ ከባሏ ሸሽታ የተመለሰችና በባሏ እጅ ታንቃ የሞተች ሴት ታሪክ ነው። የራሷ ስም እንኳ አልተጻፈም፤ ዋንግ የቤተሰቧ መጠሪያ ነው። ደራሲው የወረዳውን መዝገብ፣ የዳኛውን ማስታወሻና በአካባቢው የኖረውን የፑ ሶንግሊንግን ተረቶች አንድ ላይ አንብቦ ኑሮዋን ለመገመት ይሞክራል። ከተረት ታሪክ መሥራት ይገባል ወይ ብላችሁ ልትከራከሩት ትችላላችሁ፤ እኔም በአንዳንዱ ገጽ ላይ እከራከረዋለሁ።

ሁለተኛው የሶሲዮሎጂ ሊቁ ፌይ ሺያኦቶንግ በ1940ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ነው፤ እንግሊዝኛው በ1992 «ከአፈሩ» በሚል ርእስ ታትሟል። ፌይ የቻይናን ማኅበራዊ ግንኙነት ውኃ ላይ በተጣለ ድንጋይ ይመስለዋል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ክብ መካከል ላይ ነው፤ ግዴታውም ከቅርቡ ወደ ሩቁ እየሳሳ ይሄዳል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በዩኒቨርሲቲው ቢሮ ማን እንዳስተዋወቃችሁ ለምን ከማመልከቻችሁ በላይ እንደሚመዝን ግራ ሲገባችሁ፣ ከማናቸውም የጉዞ መመሪያ ይልቅ ይህች ቀጭን መጽሐፍ ትረዳችኋለች።

በውጭ ሰዎች ስለ ተጻፉት ብዙ አልቆይም። ማርኮ ፖሎ ስለ ታላቁ ግንብም ስለ ሻይም አይናገርም፤ ስለ ግንቡ ግን አትፍረዱበት፤ በቤጂንግ አጠገብ የምትወጡበት የጡብና የድንጋይ ግንብ በአብዛኛው የሚንግ ሥራ ስለ ሆነ በእርሱ ዘመን አልነበረም። ኤድጋር ስኖው በ1937 ያወጣው «ቀይ ኮከብ በቻይና ላይ» ዛሬም የሚነበብ ነው፤ የሚነበበው ግን ማኦ ገና ሥልጣን ሳይዝ ለዓለም እንዴት መታየት እንደ ፈለገ ለማወቅ ነው።

ከባዱ ምርጫ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያንግ ጂሸንግ የመንግሥቱ የዜና ወኪል የሺንኋ ጋዜጠኛ ነበር፤ አባቱ በ1959 በረሃብ ሞቶበታል። በ2008 በሆንግ ኮንግ ባሳተመው «የመቃብር ድንጋይ» ውስጥ ከየክፍለ ሀገሩ ቤተ መዛግብት ባሰባሰበው ማስረጃ ከ1958 እስከ 1962 በረሃብ ያለቀውን ሕዝብ ወደ 36 ሚሊዮን ገምቶታል። በቁጥሩ ላይ ሊቃውንት ይለያያሉ። መጽሐፉ በዋናው ቻይና አይሸጥም፤ ስለዚህ እዚሁ አንብቡት፤ በሻንጣችሁ ይዛችሁ አትሂዱ። ከእርሱ ጎን የኮሚኒስት ፓርቲው በ1981 ስለ ራሱ ታሪክ ያሳለፈውን ውሳኔ አንብቡ፤ አጭር ነው፤ የባህል አብዮትን አውግዞ የማኦን በጎ ሥራ ከስሕተቱ አስቀድሟል። ሁለቱን አንብባችሁ የሄዳችሁ እንደ ሆነ፣ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው አስተናጋጅ ፕሮፌሰራችሁ ምግብ እንዳትተርፉ አጥብቀው ሲለምኗችሁ፣ ልጅነታቸው በየትኛው ዓመት ላይ እንዳረፈ ታሰላላችሁ። እንድትጠይቋቸው አይደለም የምመክራችሁ። ጨዋታው ራሱ ወደዚያ ካመራ ግን እንዴት እንደምትሰሙ ታውቃላችሁ።

ልብ ወለድ ለሚወዱ የሉ ሹን አጫጭር ታሪኮች ይቅደሙ፤ በ1918 የወጣው «የእብድ ማስታወሻ» በአንድ ምሽት ያልቃል። «የቀይ አዳራሽ ሕልም» በ1791 ሲታተም 120 ምዕራፍ ነበረው፤ ከጉዞ በፊት እንደማትጨርሱት እያወቃችሁም ቢሆን ጀምሩት።

ስለ ስሞች አንድ ቃል ልጨምር። የዛሬዎቹ መጻሕፍት የቻይንኛን ድምፅ በላቲን ፊደል የሚጽፉት ፒንዪን በተባለው ሥርዓት ነው፤ የቆዩት ዌድና ጃይልስ በተባለው። ቺንግ የሚለውን ሥርወ መንግሥት በአዲሱ መጽሐፍ መጠቁም በአንድ ፊደል፣ በአሮጌው በሌላ ትፈልጉታላችሁ። የተማሪዎች ንቅናቄ ትውልድ «ማኦ ሴ ቱንግ» እያለ ያነበበውን እናንተ «ማኦ ዜዶንግ» ስትሉ የምትለያዩት በዚሁ ነው። መጽሐፍ ስትገዙም የሽፋኑን ሳይሆን የመጀመሪያውን እትም ዓመት ተመልከቱ፤ በ1970 የተጻፈ መጽሐፍ ትናንት በታተመ ሽፋን ስለ ሸክላ ወታደሮቹ ምንም ሳይነግራችሁ ሊቀር ይችላል።

ከጠቀስኳቸው ሁሉ ሦስት ብቻ ለማንበብ ጊዜ ያለው ተማሪ የሬይ ኋንግን፣ የፌይንና የያንግ ጂሸንግን ይምረጥ። ሺአን የሚሄድ ደግሞ በሬይ ኋንግ ፈንታ ሲማ ቺየንን ይያዝ። ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።