ሊኑክስ ላይ ጌም ይሠራል ወይ?

እሷ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖችን ደግሞ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበላቸውም። በምትኩ ሌላውን ስርዓተ ክወና ሊኑክስን ጫኑ ሲባሉ ግን የካምፓስ ልጆች «ጌም የለውማ!» ይላሉ።

እሱ፦ ኧረ ተይ፣ ያ ድሮ ቀረ! የጌም ኩባንያው ቫልቭ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ፕሮቶን የተባለውን ሶፍትዌር ካወጣ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠሩ ብዙ ጌሞች ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። የጌሙን የግራፊክስ ትእዛዝ ቩልካን ወደሚባለው የግራፊክስ ሥርዓት እየለወጠ ነው የሚያስኬደው። የቫልቭ የእጅ ጌም መጫወቻ ስቲም ዴክ ራሱ የሚሠራው በሊኑክስ ነው።

እሷ፦ ፎርትናይትስ? ቫሎራንትስ?

እሱ፦ እነሱን አታንሺብኝ! የማጭበርበር መከላከያቸው ሊኑክስን አያስገባም። ይሄ የኩባንያዎቹ ውሳኔ እንጂ የሊኑክስ አቅም ማነስ አይደለም።

እሷ፦ ለእኔ ዋናው ጣጣ ኢንተርኔቱ ነው። መቶ ጊጋባይት በሞባይል ዳታ ማን ያወርዳል?

እሱ፦ ልክ ነሽ፤ እዚህ ላይ ፕሮቶንም አያድንም። ለዚያ ሱፐርተክስካርት የሚባል የእሽቅድምድም ጌም አለልሽ፤ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ደግሞስ የአንድሮይድ ከርነል፣ ማለትም የስርዓቱ እምብርት፣ ሊኑክስ አይደል? የቅኔ ጌምስ ኩባንያን «ኩኩሉ» የተባለ ጌም በአንድሮይድ የተጫወተ ሁሉ ሳያውቀው ሊኑክስ ላይ ተጫውቷል።

እሷ፦ አድማጮች፣ ዊንዶውሳችሁን ከማጥፋታችሁ በፊት ሊኑክስን ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት፤ ፋይሎቻችሁንም ኮፒ አድርጉ።