«የቤት እድሳት» ብዬ የወሰድኩት ብድር

(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ስብሰባ ላይ፣ ጉርድ ሾላ፣ አንዲት የሂሳብ ባለሙያ አባላችን ያደረጉት ንግግር)



ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በየሩብ ዓመቱ እዚህ ቆሜ የቁጠባና የብድር ሂሳብ ሳነብ ነው። ዛሬም የማነበው ሂሳብ አለ፤ አንድ መስመር ብቻ ነው። መስከረም 2015 ዓ.ም. ላይ 60,000 ብር ብድር ወጥቷል። ምክንያቱ «የቤት እድሳት» ይላል። ተበዳሪዋ እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። የብድር ኮሚቴው አምኖኝ ፈቀደልኝ፤ ከነወለዱ በጊዜው ከፍዬ ጨርሻለሁ። የታደሰ ቤት ግን የለም። ቤቴን የምታውቁት ጣሪያው ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር እንደሚያፈስ ታውቃላችሁ። በገንዘቡ፣ የእቁቤን ዕጣ ጨምሬ፣ ጨጓራዬን አስቀነስኩበት።

ለምን እንደዋሸሁ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ያኔ 118 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከ61 ነው። የምኖረው ደግሞ፣ እግዜር ሲቀልድ፣ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ሕንፃ ካለበት ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ቀጫጭን ልጆች በሩጫ ልብሳቸው ሲያልፉኝ፣ እኔ ከቤት እስከ ባቡሩ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ቆሜ አርፋለሁ። የስኳር በሽታ ከያዘኝ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ደም ግፊትም ነበረብኝ። ሌሊት ትንፋሼ እየተቋረጠ እናቴ ቀስቅሳኝ ታድራለች። ቀን ቢሮ ውስጥ ደብተሩ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ምግብ መቀነስ ሞክሬያለሁ፤ በአንድ ዓመት 11 ኪሎ ቀንሼ በቀጣዩ ዓመት 14 መልሻለሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ሁሉም በቀን በቀን ተጽፎ ተቀምጧል።

እንግዶቻችን፣ «ረሃብ በሚያጠቃው አገር ስለ ውፍረት ቀዶ ሕክምና ይወራል?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔም ራሴን የጠየቅሁት እሱን ነው። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ውስጥ 22 ከመቶው ከሚገባው በታች የቀጠኑ ናቸው። ከሚገባው በላይ የወፈሩት ደግሞ 8 ከመቶ ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቁጥሩ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ሁለቱም በአንድ ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ሴት ሕይወት ውስጥ። እናቴ ልጅነቷን ወሎ በረሃብ አሳልፋለች። እኔ ስወፍር «ተመስገን፣ ልጄ ደላት» እያለች ነበር የምታጎርሰኝ።

ሐኪሞቹ የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው፤ ኪሎን ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። የእኔ 45 ከግማሽ ይመጣል። 30 ሲደርስ ውፍረቱ እንደ ሕመም ይቆጠራል። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው መመሪያ ቀዶ ሕክምናን የሚፈቅደው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ተጨማሪ በሽታ ላለበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የዘርፉ ማኅበራት ወሰኑን ዝቅ አድርገውታል። እኔ በአዲሱም በአሮጌውም አልፋለሁ። ቢሆንም ግን «ተቀዶ መክሳት የሰነፍ ነው» የሚለው የሰው አፍ አስፈራኝ። ለዚህ ነው ቅጹ ላይ ጣሪያዬን ያሳደስኩት።

የተደረገልኝ «ስሊቭ» የሚባለው ነው። ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታዩ፣ ከጨጓራ አራት እጅ ውስጥ ሦስቱን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጠው ያወጡታል። የሚቀረው ሙዝ የሚመስል ቱቦ ነው። የረሃብ ስሜት የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ የሚባለው ነገር ይጠፋል። የወጣው አይመለስም፤ ይህን አስቦ መግባት ነው።

ቀዶው ጥቅምት 22 ቀን 2015 ነበር፣ በአንድ የግል ሆስፒታል። ቀኑን የማልረሳው በማግስቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ስለተፈረመ ነው። ነርሶቹ ቴሌቪዥን ላይ ተሰብስበው፣ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ በየአምስት ደቂቃው አንዲት ጉንጭ ውሃ ፉት እላለሁ። አጠገቤ የነበረች የራያ ሴት ታለቅሳለች። ሰው ሰላም መጣ ብሎ ሲያለቅስ እኔ የማለቅሰው ውሃ አልወርድ ብሎኝ ነበርና አፈርኩ።

ስወጣ አንድ ወረቀት ሰጡኝ። በእንግሊዝኛ ነው። ብሮኮሊ ይላል፣ ቱርክ ይላል፤ ስለ ሽሮ አንድ ቃል የለውም። እህቴና እኔ ቁጭ ብለን ወደ እኛ ማዕድ መለስነው። የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት የተጠለለ መረቅ፣ ወተት፣ ቀጭን አጥሚት። ከዚያ ቅባትና በርበሬ ያልበዛበት ስስ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ አይብ። ከዚያ በደንብ የበሰለ ዱባ፣ ዓሣ፣ እንቁላል። ጠንከር ያለው ምግብ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። መለኪያችን የቡና ሲኒ ነበር፤ አንድ ሲኒ እንኳ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ምግብና ውሃ አብረው አይሄዱም፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ነው የሚጠጣው። ይህ ለእኛ አገር ሰው ይከብዳል፤ ወጡ ሲያቃጥል ውሃ ያስመኛል።

አሁን ወደ ጉርሻው ልምጣ።

ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ የካ ሚካኤል አጠገብ አክስቴ ቤት ዝክር ነበር። ከተቀደድኩ ሃያ ቀኔ ነው። የሚያውቀው እህቴ ብቻ ናት። «በልቼ ነው የመጣሁት» ብዬ ቡና ይዤ ተቀመጥኩ። አክስቴ ዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልላ፣ «በሞቴ!» ብላ መጣች። እናንተው ፍረዱኝ፤ አክስት ቆማ፣ እጇ ተዘርግቶ፣ ሰው እያየ፣ እንዴት እምቢ ይባላል? ጎረስኩ። ያቺ ጉርሻ ያኔ ለጨጓራዬ ሙሉ ትሪ ናት። ደረቴ ላይ ቆመች። ጓሮ ወጥቼ አስመለስኩ፤ ማታም፣ በማግስቱም። ጨጓራዬ ተቆጥቶ ከዚያ በኋላ ወተቱንም ማስመለስ ጀመርኩ። ወደ ሐኪሜ እንዳልመለስ ጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። ከዚያ የእግሬ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ስሄድ ጥጥ ላይ የቆምኩ ይመስለኛል።

እናቴ «አቅም ነው፣ ግሉኮስ ይደረግላት» ብላ ሰፈር ክሊኒክ ልትወስደኝ ተነሣች። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው። እህቴ ግን ከሆስፒታሉ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስታውሳ ወደ ቀዶ ሐኪሜ ደወለች፤ የሰማችውን ለናንተም ለማሰማት ነው ዛሬ የመጣሁት። ቫይታሚን ቢ1 በሰውነት የሚቆየው ለሁለት ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ደጋግሞ ያስመለሰ ሰው ያልቅበታል። በዚያ ላይ ግሉኮስ ቀድሞ ከገባ የቀረችውን ጥቂት ይጨርሳታል፤ ነርቭና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ቢ1 ነው በመርፌ የሚሰጠው። ተሰጠኝ፤ ድንዛዜው ለመጥፋት ሦስት ወር ፈጀበት። ከእኛ መካከል ይህን ቀዶ ያደረገች፣ ወይም በህንድም በቱርክም አድርጋ የመጣች ዘመድ ያላት ብትኖር፣ ማስመለስ ሲደጋገም ቀን አትቁጠር። ክሊኒክ ስትገባም «ጨጓራዬ ተቀዷል» ብላ ትናገር። ዝም ማለቴ እግሬን ሊያሳጣኝ ነበር።

አራተኛ ወሬን ስይዝ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ፀጉሬም በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣ ጀመር። ፀጉር በሦስተኛውና በስድስተኛው ወር መካከል መርገፉ የተለመደ ነው፤ ይመለሳል፤ ፕሮቲን ያነሰው ሰው ላይ ግን ይብሳል። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። እንቁላል አንዱ 6 ግራም ነው። ምስር አንድ ሙሉ ኩባያ 18 ግራም ያህል አለው፤ ኩባያውን ለመጨረስ ግን እኔ ግማሽ ቀን ያስፈልገኛል፤ ቀኑ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጾም ያልፋል። ደብተሬ ላይ በዓምድ በዓምድ ብሞክረው ሂሳቡ አልገጥም አለ። የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ፣ ለእርሳቸው ብቻ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳልጨርስ አቋረጡኝ። «አንቺ በሽተኛ ነሽ፤ ሐኪም ያዘዘልሽን ብዪ» አሉኝ። እንዲህ ቀላል ነበር። ከጎረቤት ጋር በአንድ ግቢ ስለምንኖር ግን እንቁላሉን ጠብሼ አላውቅም፤ ሽታው እንዳይወጣ እየቀቀልኩ፣ በር ዘግቼ በላሁ። ሙስሊም እህቶቻችንም በረመዳን ከጾሙ በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው፤ ቀኑን ሙሉ ያልጠጣ ሰው ማታ ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ልጠጣ ቢል ይህ ጨጓራ አይቀበልም። እንጦጦ ጠበል የምትሄዱትም እንደዚያው፤ ጆግ ሙሉ መጠጣት የለም፣ ፉት እያሉ ነው።

በስድስት ወር 29 ኪሎ ስወርድ ወሬው ተነሣ። ውፍረት በኛ ዘንድ ድሎት ነው፤ ክሳት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ቀን እዚሁ አዳራሽ፣ ከቡና በኋላ፣ አንዲት የማከብራት እናት ትከሻዬን ይዛ «አይዞሽ ልጄ፣ አሁን መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ አታቋርጪው» አለችኝ። የምን መድኃኒት እንደሆነ ገባኝ። አላረምኳትም። እጇ ሞቅ ያለ ነበር፤ «እሺ እማማ» አልኳት። ሰባት ወር እንደዚያ ስትጸልይልኝ ቆየች። እማማ፣ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ አሉ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጸሎትዎ በከንቱ አልቀረም፤ ለእግሬ ሆኗል።

ለሴቶች ደግሞ የተለየ ነገር አለ። የወር አበባ ላይ ላለች ሴት የብረት ማዕድን ማነስ ይብሳል። ብረቱን ከቡናና ከሻይ አርቆ መውሰድ ነው፤ ከካልሲየም ጋርም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይለያያሉ። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ሰዓት ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ እኔ ከመተኛቴ በፊት አድርጌዋለሁ። ራስ ምታት ሲመጣ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ገዝቶ መዋጥ ቀርቷል፤ ጨጓራ ያቆስላል፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጠጅም ጠላም ቶሎ ራስ ላይ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ክብደት ሲቀንስ ለዓመታት የጠፋ የመውለድ አቅም በድንገት ሊመለስ ይችላል፤ እርግዝና ግን ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል መቆየት አለበት። ባልና ሚስት ይህን ቀድመው ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት።

የት ደረስሽ ትሉኛላችሁ። 77 ድረስ ወርጄ ነበር፤ ዛሬ 81 ነኝ። ረሃቡ በሁለተኛው ዓመት ተመልሷል። ማታ ማታ ቆሎ ይዤ ቴሌቪዥን ፊት ስቀመጥ አራቱ ኪሎ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የሆዴ ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ነጠላ ለብሼ እሸፍነዋለሁ። የስኳሩን መድኃኒት ግን ሐኪሜ አቁሞልኛል። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ባለፈው ወር ከጉርድ ሾላ እስከ መገናኛ ሳላርፍ በእግሬ ሄድኩ፤ የሩጫ ልብስ የለበሱት ልጆች አሁንም ያልፉኛል።

ለኮሚቴው ሁለት ነገር አቅርቤያለሁ። አንደኛው፣ የብድር ማመልከቻው ቅጽ ላይ «ለሕክምና» የሚል መስመር ይጨመር፤ ዛሬ ያሉት ንግድ፣ ትምህርት ቤትና ቤት ብቻ ናቸው። የሕመሙ ዓይነት አይጻፍ፤ የሐኪም ደብዳቤ ሰብሳቢዋ ብቻ አይታ ትመልሰው። ሁለተኛው፣ ከሕክምናው በኋላ ያለው ወጪም እንዲታሰብ ነው። የእኔ ቫይታሚንና የደም ምርመራ ሲካፈል በወር ከ2,000 ብር በላይ ነው፤ የዕድሜ ልክ ነው፤ ስበደር ይህን አላሰብኩትም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኜ። ደጋፊዎቻችን ለጤና የምትሰጡትን ስትመድቡ፣ ከቀዶው ክፍያ ይልቅ ለዚህኛው ብታስቡ ደስ ይለኛል።

የ60,000 ብሩን ከ«ቤት እድሳት» ወደ «ሕክምና» የሚያዛውረውን የማስተካከያ ምዝገባ ትናንት ማታ አዘጋጅቻለሁ። የራሴን መዝገብ ራሴ ማረም ስለማይገባኝ አልፈረምኩበትም። ወረቀቱ ገንዘብ ያዥዋ ጋ ነው፤ ከቡናው በኋላ ሰብሳቢዋ ትፈርምበት።