የሄድነው አምስት ሆነን ነበር
(ከጃማይካ ሐዋርያዊ አገልግሎት የተመለሱ ባልና ሚስት ለኮሚሽኑ ሠራተኞች ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



ስንት ሰው እንደ ተጠመቀ፣ ስንት ጉባኤ እንደ ተካሄደ እንድንዘረዝር ጠብቃችሁ ይሆናል። ያ በደብሩ መዝገብ ተጽፏል። እኛ ልንነግራችሁ የወደድነው መዝገቡ ስለማይጽፈው፣ በሰው አገር ልጆች ይዞ ስለ ማገልገል ነው።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንበል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ አውሮፕላን ማረፊያው በሕዝብ ተጥለቅልቆ ስለ ነበር ወዲያው መውረድ አልቻሉም ነበር። ከተሰበሰበው ሕዝብ ብዙዎቹ ራስ ተፈሪያውያን ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱንም እንደ አምላክ ይቆጥሩ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ ኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፣ ቤተ ክርስቲያናችንን በደሴቲቱ ተከሉ። የሥራው ክብደትም እዚህ ላይ ነበር። ሕዝቡ ኢትዮጵያን ከእኛ ይልቅ ይወድዳል፤ ጥምቀቱ ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንጂ በንጉሥ ስም አይደለም። ይህን ፍቅሩን ሳይሰብሩ ማስረዳት ያስፈልግ ነበር።

እኛ የደረስነው በ1977 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በአገራችን ምን ዓመት እንደ ነበር ለእናንተ አይነገርም። የተራበ ሕዝብ ትተን ለሌላ ሕዝብ ልናስተምር መሄዳችን ያሳፍረን ነበር። በመጀመሪያው ወር በጋራ ግቢያችን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በጨርቅ የተቋጠረ ሳንቲም ይዘው መጥተው፣ “ለእናንተ ሰዎች ላኩልኝ” አሉን። እኒያ ሴት እንጀራቸው ልብስ ማጠብ ነበር። የምናስተምር እኛ ነን ብለን ለመጣነው የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡን እርሳቸው ናቸው።

ከሁለታችን ክህነት ያለው አንዱ ብቻ ነው። ዲያቆናቱ የዚያው አገር ልጆች ሲሆኑ፣ ቅዳሴው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ ተሰጥኦው ግን ብዙ ጊዜ በግእዝ ነበር። ቃሉን ያለ ፊደል በጆሯቸው ይዘውት እንደኛ ባላገር ሲቀበሉ መስማት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ቅዳሴ ሲያበቃ ሰዎቹ ተከትለውን ወደ ቤት ይመጡ ነበር። ምን እንደምንበላ፣ እንዴት እንደምንጾም፣ ባል ሚስቱን እንዴት እንደሚጠራ ያያሉ። ጤፍ ስለማይገኝ እንጀራችን የስንዴና የበቆሎ ዱቄት ነበር፤ ካላሉ የሚሉት ቅጠል ግን ለጎመን ምንም አያንሰውም። ሥጋ የማይበሉት ራስ ተፈሪያውያን ጎረቤቶቻችን የጾም ወጣችንን ቀምሰው ስለ ጾም ብዙ ጠየቁን። ከጉባኤ ይልቅ በዚያ ማእድ ብዙ ነገር ተነግሯል ብንል አልተሳሳትንም።

የሰባት ዓመቱ ልጃችን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቶ፣ “አባዬ፣ ጃንሆይ እግዚአብሔር ናቸው እንዴ?” አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ እንግዶች ነበሩ፤ ሁሉም ዝም አሉ። “ጃንሆይ እንደ እኔና እንደ አንተ የተጠመቁ ናቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ያስቀድሱ ነበር” ብሎ አባቱ መለሰለት። ከእንግዶቹ አንዱ ተነሥቶ ሄደ። ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ፣ “ንጉሡ የሰገደለትን አሳዩኝ” አለ።

አዋቂ ሲጠመቅ የክርስትና አባት ወይም እናት ያስፈልገዋል። በደብሩ የቆዩ ምእመናት ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ ከሁለታችን እናት የሆነችው በሰባት ዓመት ውስጥ የሠላሳ አንድ ሴቶች የክርስትና እናት ሆነች። አንዳንዶቹ ወላጅ እናቷን በዕድሜ ይበልጡ ነበር። እኒያ ሳንቲም ያመጡት አሮጊት ከተጠመቁ በኋላ “እናቴ” እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ እርሷ ግን “እማማ” ማለቷን አልተወችም፤ እንዲሁ ተጠራርተው ኖሩ። ጸሎት ታስጠናቸዋለች፤ ነጠላ አለባበስ፣ ለኀዘን ጥለቱ ወደ ላይ እንደሚሆን ሳይቀር ታስተምራቸዋለች። ስማቸውን በአንድ ደብተር ጽፋ ይዛ ነበር።

የ1981 ዓ.ም. ዘመን መለወጫ እሑድ ዋለ። ልጆቻችን አደይ አበባ ሥለው በየጎረቤቱ ሲሰጡ፣ ጎረቤቶቻችን በመስኮታቸው ላይ ጣውላ ይመቱ ነበር፤ ጊልበርት የተባለው አውሎ ነፋስ መቃረቡን ሬዲዮው ይናገራልና። ሰኞ መስከረም 2 ቀን ነፋሱ ደሴቲቱን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋርጧት አለፈ። የቤታችን ጣራ ግማሹ ሄደ። ልጆቹን በጠረጴዛ ሥር አድርገን ዳዊት ደገምን፤ ድምፃችንን እኛው ራሳችን አንሰማውም ነበር።

ቆርቆሮና ምስማር ሲገኝ ለማን እንደሚሰጥ ለመለየት ያን ደብተር አወጣን። የተረጂዎች ዝርዝር ማዘጋጀት ለለመዳችሁ ለእናንተ ይህ ሳያስቃችሁ አይቀርም፦ ደብተሩ ላይ ያለው የክርስትና ስም ብቻ ነበር። ሰባት ወለተ ማርያም፣ አምስት ወለተ ሥላሴ! ጎረቤት የሚያውቃቸው በሌላ ስም ነው፤ ግቢያቸውም ፈርሷል። ልጆቻችን ባይኖሩ ኖሮ አንገኛቸውም ነበር። የሰፈሩን አነጋገር በሦስት ወር የለመዱት እነርሱ፣ የየትኛዋ ወለተ ማርያም ውሻ ነካሽ እንደሆነ ሳይቀር ያውቁ ነበር። ያን ሰሞን የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን የእርዳታ ሠራተኛ ነበረች፤ በየትኛውም ሪፖርት ግን ስሟ የለም።

በ1982 ዓ.ም. የልጆቹ አያት እዚህ አዲስ አበባ ዐረፉ። ደብዳቤው የደረሰን ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ለማን እንደምናለቅስ፣ ማን እንደሚያስተዛዝነን ሳናውቅ ተቀምጠን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሴቶቹ ነበሩ። ሁሉም ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ለብሰዋል። ቡናውን እነርሱ አፈሉ፤ ሠልስቱን እስኪወጣ ከእኛ ጋር ተቀመጡ።

ወቀሳ ቢመስልም አንድ ነገር ሳንናገር አንወርድም። የሄድነው አምስት ሆነን ነበር፤ የተመደበልን ደመወዝ ግን የአንድ አገልጋይ ነው። ቀዳሹ ከመሄዱ በፊት ስለ አገሩ ተነግሮታል፤ እናቲቱን ማንም አላነጋገራትም፤ ልጆቹን ምን ቋንቋ እንደሚጠብቃቸው የጠየቀ አልነበረም። በ1984 ዓ.ም. ስንመለስ ኪንግስተን የተወለደችው ታናሿ አማርኛ አትሰማም ነበር፤ ዘመዶቿ ጉንጯን ሲስሟት እንደ እንግዳ ታያቸው ነበር። ይህ የእኛም ጥፋት ነው፤ በየማታው ፊደል ማስቆጠር እንችል ነበር፤ ድካም አሸነፈን። ከእንግዲህ ቤተሰብ ስትልኩ ግን ለልጆቹ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ለእናቲቱም የአገልጋይ ደመወዝ መድቡላቸው። ካህኑ ብቻውን ቢሄድ ይቀድሳል፤ ደብተሩን ግን ማን ይጽፈዋል?

ደብተሩ ዛሬም በቤታችን ይገኛል። ከስማቸው አጠገብ መስቀል የተደረገባቸው ያረፉት ናቸው፤ እማማ ከእነዚያ አንዷ ናቸው። የቀሩት ለገናና ለትንሣኤ ደብዳቤ ይጽፉልናል። መልሱን የምትጽፈው ታናሿ ናት፤ አነጋገራቸውን ከሁላችን አሳምራ የምታውቀው እርሷ ነችና።