ምርመራው ከጉበቱ ይጀምራል

አቅራቢት፦ አድማጮቻችን፣ ስለ ዶሮ ጉበት በሽታ እናውጋ። ምልክቱ ምንድን ነው?

አቅራቢ፦ በአዴኖቫይረስ የሚመጣው የጉበት ብግነት በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተገለጸ። በተለይ ከ3 እስከ 7 ሳምንት የሆናቸውን የሥጋ ዶሮዎች በድንገት ይገድላል። ጉበታቸው ያብጣል፣ ይገረጣል፣ ደም ይቋጥራል።

አቅራቢት፦ ያበጠ ጉበት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም።

አቅራቢ፦ ልክ ነሽ። በማይክሮስኮፕ በጉበት ሴሎች አስኳል ውስጥ የቫይረሱ አሻራ ይታያል፤ ፒሲአር የተባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ደግሞ ዘረመሉን ይለያል። ጉምቦሮ የተባለው ሌላ በሽታም የዶሮን በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክም ጉዳቱን ያባብሳል፤ የጉምቦሮ ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ይመረታል።

አቅራቢት፦ አርቢዎች፣ አደራ! ክትባቱን በወቅቱ ስጡ፤ ዶሮ በድንገት ሲሞት ሳትጥሉ፣ የታመመውንም ሳትሸጡ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።