ከከፍታ ወደ ባሕር፦ ወደ ኮራል ሪፍ ለሚጓዝ ተማሪ የሚያስፈልግ ዝግጅት



በላንቴ የሙዝ እርሻውን አልፎ ወደ ታች የወረደ ሰው የአባያን ሐይቅ ያገኛል። ውኃው ቀይ ቡናማ ነው። ይህን ቀለም የሰጠው በውስጡ የሚዋልል ደቃቅ አፈር ሲሆን፣ ከጨንቻ ከፍታዎች የሚወርደው የሀሬ ወንዝም ከአምጪዎቹ አንዱ ነው። ለመጥለቅ ወደ ውጭ አገር ስለሚደረግ ጉዞ ልናገር ተጠርቼ ሳለ ነገሬን ከአባያ የጀመርሁት፣ ለእኛ ለደጋና ለስምጥ ሸለቆ ሰዎች ዝግጅቱ ከሁለት ነገሮች ስለሚነሣ ነው፦ ከደለልና ከከፍታ።

በመጀመሪያ ስለ ደለል። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል። ደለል ውኃውን ሲያደፈርስ ብርሃኑ ይቀንስበታል፤ በላዩ ሲያርፍበት ደግሞ ያፍነዋል። የባሕር ሙቀት ሲበዛ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት በይፋ ተገልጿል። እንዲህ የተዳከመን ፍጡር ጠላቂ በእግር መቅዘፊያው ቢመታው ወይም አሸዋ ቢያስነሣበት በቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው። ስለዚህ ጠላቂ ወለሉን ሳይነካ በውኃ መካከል ሚዛኑን ጠብቆ መቆየትን አስቀድሞ ይማር። አባያ አዞ ስላለበት ልምምዱ በመዋኛ ገንዳ ይሁን። ቆዳን ከፀሐይ ለመከላከልም ከቅባት ይልቅ እጅጌ ረጅም ልብስ ይመረጣል፤ ሃዋይ ኦክሲቤንዞን ያለባቸውን ቅባቶች ሽያጭ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው እጥፍ ይሆናል፤ ናይትሮጅንም በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ጠላቂው ከውኃ ከወጣ በኋላ ይህ ጋዝ ቀስ በቀስ ይወጣል። ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ ግን አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ አካልን ያደነዝዛል፣ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል። ስለዚህም ብዙ ጊዜ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ በአውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በጅቡቲ በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ጠልቆ በባቡር ወይም በመኪና ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ተማሪ «አልበረርሁም» ብሎ ይጽናና ይሆናል። ነገር ግን በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል፤ አዲስ አበባም በዚያው ከፍታ ላይ ናት። ለሰውነቱ መንገዱ ራሱ በረራ ነው። 1,285 ሜትር ላይ ያለችው አርባ ምንጭም ከዚህ ጥንቃቄ ውጭ አይደለችም። «ሰኞ ትምህርት አለኝ» ብሎ መቸኮል ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የመመለሻ ቀናችሁን ስትቆርጡ የመጨረሻውን ቀን ለዕረፍት ተዉት፤ ቅርብ የሆነው የግፊት ሕክምና የት እንደሚገኝም ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

በባሕር ውስጥ አንዲት እፍኝ አሸዋ ላለማንሣት የተጠነቀቀ ተማሪ፣ ተመልሶ ከላንቴ በላይ ባለው ተዳፋት እርከን ቢሠራና ዛፍ ቢተክል ያንኑ ጥንቃቄ ቀጠለ ማለት ነው። ኮራሉን የሚያፍነውና አባያን የሚያደፈርሰው አንድ ዓይነት ነገር፣ ከሥፍራው የለቀቀ አፈር ነውና።